«ጆን ባርሊኮርን» የተባለው የእንግሊዝ የገጠር ዘፈን ታሪኩ ምንድን ነው?

ዜማ ፈላጊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አንድ የቆየ የእንግሊዝ የገጠር ዘፈን ታሪክ የምታውቁ ሰዎች እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ዘፈኑ «ጆን ባርሊኮርን» ይባላል፤ የሁለተኛው ስም ፍቺ «የገብስ ፍሬ» ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ትራፊክ የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ቡድን በ1970 ባወጣው አልበም ውስጥ ሲሆን፣ በጊታርና በዋሽንት ታጅቦ በዝግታ የሚዘፈነው ታሪክ ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ዘፈኑን ለማያውቁት ያህል ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሦስት ሰዎች ከምዕራብ ይመጡና ጆን ባርሊኮርን መሞት አለበት ብለው ይማማላሉ። መሬቱን አርሰው ይቀብሩታል፤ በራሱ ላይ ጓል ይከምሩበታል፤ ሞቷል ብለውም ይሄዳሉ። ከሰማይ ዝናብ ሲወርድ ግን ጆን ራሱን ቀና አድርጎ ይወጣና ሁሉንም ያስደንቃቸዋል። በጋው ሲጋመስ መልኩ ይገረጣል፤ ቀጥሎም ረጅም ጺም አብቅሎ ሙሉ ሰው ይሆናል። ከዚያ ጉልበቱ ላይ ይቆርጡታል፤ ወገቡን ያስሩታል፤ ልቡን ይወጉታል፤ ቆዳው ከአጥንቱ እስኪለይ በዱላ ይደበድቡታል፤ በመጨረሻም ወፍጮ ፈጪው በሁለት ድንጋዮች መካከል ያደቀዋል። ይህ ሁሉ ከደረሰበት በኋላ ታናሹ ጆን በጽዋ ውስጥ ሆኖ ሲቀርብ ከሁሉም የበረታ ሆኖ ይገኛል፤ ቀበሮ አዳኙም ሆነ ድስት ጠጋኙ ያለ እርሱ ሥራቸውን መሥራት አይችሉም።

ግራ ያጋባኝ ስለ ዘፈኑ አመጣጥ ያነበብኳቸው ነገሮች እርስ በርሳቸው አለመስማማታቸው ነው። አንዳንዶች ከክርስትና በፊት የነበረ፣ ለመከሩ ሲባል በየዓመቱ የሚሠዋ የእህል አምላክ መታሰቢያ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በለንደን ጎዳናዎች በሳንቲም ይሸጥ የነበረ ተራ የመጠጥ ዘፈን ነው ብለው ያልፉታል። ዘፈኑ በእውነት ምን ያህል ዕድሜ አለው? ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሸጋገሩትስ እነማን ናቸው?


ባለ ማኅደር፦

ለጥያቄዎ አመሰግናለሁ። እኔ የማውቀው ስለ ጽሑፍ ማስረጃዎቹ ስለሆነ በዚያው ላይ ልወሰን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከዚህ ዘፈን ጋር ዝምድና ያለው በጣም ጥንታዊ ጽሑፍ የሚገኘው በእንግሊዝ ሳይሆን በስኮትላንድ ነው። ጆርጅ ባናታይን የተባለ የኤድንብራ ነጋዴ በ1568 ወረርሽኝ ከተማይቱን በመታበት ወቅት ቤቱ ተቀምጦ የአገሩን ግጥሞች በአንድ ትልቅ ጥራዝ ገልብጧል። ከግጥሞቹ መካከል አንዱ ብቅልን «አለን» በሚል ስም እንደ ሰው ቆጥሮ ክብር ይገባዋል እያለ የሚያወድስ ነው። ይህ ግጥም የጆን ባርሊኮርን ዘፈን ራሱ አይደለም፤ ሆኖም እህሉን ስም ሰጥቶ እንደ ሰው የሕይወት ታሪኩን መተረክ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የታወቀ የግጥም ስልት እንደነበረ ያሳያል።

ዘፈኑ ራሱ ታትሞ የምናገኘው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን ባላድ የሚባሉ ታሪክ ተራኪ ግጥሞች በአንድ ወረቀት በአንዱ ገጽ ላይ ብቻ፣ በጥቁርና ወፍራም የጎቲክ ፊደል፣ በእንጨት ላይ ከተቀረጸ ሥዕል ጋር ይታተሙና በጎዳናና በገበያ በአንድ ፔኒ ገደማ ይሸጡ ነበር። የሙዚቃ ምልክት አይታተምባቸውም፤ በርዕሱ ሥር «በዚህ ዘፈን ዜማ ይዘፈናል» የሚል ማስታወሻ ብቻ ይጻፍ ስለነበር ገዢው ዜማውን አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት። የዕለት ማስታወሻ ጸሐፊው ሳሙኤል ፔፒስ እነዚህን ወረቀቶች በብርቱ ይሰበስብ ስለነበር፣ ዛሬ በካምብሪጅ ሞድሊን ኮሌጅ የሚገኘው ክምችቱ 1,800 ያህል ባላዶችን ይዟል። የጆን ባርሊኮርን ባላድም ከእነርሱ መካከል አለ።

በዚያ ወረቀት ላይ ያለው ርዕስ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ርዕሱ ማለዳና ማታ የሚዘፈን፣ ስለ ሰር ጆን ባርሊኮርን ደም ያፈሰሰ ግድያ የሚናገር አዲስና ደስ የሚያሰኝ ባላድ መሆኑን ያውጃል። የዘመኑ የለንደን ሰው ይህን ሲያነብ ወዲያው የሚያስበው ስለ እውነተኛ ግድያዎችና ስለ ስቅላት የሚያወሩትን፣ እንደ ዜና የሚሸጡትን ባላዶች ነበር። ደራሲው የዜናውን መልክ ተውሶ የተገደለው ሰው ገብስ መሆኑን ቀስ በቀስ ይገልጣል። ጆን በዚህ ቅጂ የማዕረግ ስም ያለው መኳንንት ሲሆን፣ በዙሪያው የሚገኙት ሰዎችም ጥሩ ጠላ፣ ቢራና ነጭ የወይን ጠጅ የሚል ስም የተሰጣቸው ናቸው። ስለዚህ እጃችን ላይ ያለው የመጀመሪያው ሙሉ ጽሑፍ ለከተማ አንባቢ በቃላት የሚጫወት፣ ነገር ግን የእርሻንና የብቅልን ሥራ በሚገባ በሚያውቅ ሰው የተጻፈ ግጥም ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ግልጽ ነው። የስኮትላንዱ ባለቅኔ ሮበርት በርንስ በ1782 የራሱን ቅጂ ጻፈ፤ በ1787 በኤድንብራ በታተመው መጽሐፉም ውስጥ አካተተው። በከፊል በዚሁ ስም በሚታወቅ አሮጌ ዘፈን መሠረት እንደጻፈው እርሱ ራሱ በግርጌ ማስታወሻ አስታውቋል። በበርንስ ግጥም የሚማማሉት ከምዕራብ የመጡ ሦስት ሰዎች ሳይሆኑ በምሥራቅ ያሉ ሦስት ነገሥታት ናቸው፤ የተማረው ክፍል ለረጅም ጊዜ ያወቀውም ይህንኑ ቅጂ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሰቨን ዳያልስ በሚባለው የለንደን ሰፈር የነበሩት አታሚዎችና በየከተማው የነበሩ ባልደረቦቻቸው ባለ አንድ ገጽ ወረቀቶችን በብዛት ያሰራጩ ነበር። በኦክስፎርድ የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ከ30,000 ገደማ ባላዶቹ መካከል ይህ ዘፈን በተለያየ ኅትመት ይገኛል። ስቲቭ ራውድ የተባለው የቀድሞ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ለእንግሊዝኛ የሕዝብ ዘፈኖች ባዘጋጀው ማውጫ ቁጥሩ 164 ነው፤ ቅጂዎቹን ማነጻጸር ከፈለጉ በዚህ ቁጥር መፈለግ ይበቃል።


የገጠር ታሪክ ተማሪ፦

ባለ ማኅደር ስለ ኅትመቱ በጻፈው ሁሉ እስማማለሁ። ይሁን እንጂ ዘፈኑ በገጠር ለምን እንደኖረ ኅትመቱ ብቻውን አያስረዳም። በፔኒ የተሸጡ ብዙ ሺህ ባላዶች በአንድ ትውልድ ውስጥ ተረስተዋል፤ ይህኛው ግን በእርሻ ሠራተኞች አፍ 300 ዓመት ያህል ቆይቷል። ምክንያቱ እያንዳንዱ ስንኝ የሠራተኛውን ሥራ ሳያዛባ በቅደም ተከተል መያዙ ይመስለኛል።

እስቲ አንድ በአንድ እንየው። ገብስ በእንግሊዝ በብዛት ይዘራ የነበረው በጸደይ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በምሥራቅ እንግሊዝ በኖርፎክ ታዋቂ በሆነው የአራት ዓመት የሰብል ማፈራረቅ ሥርዓት ስንዴ፣ ተርኒፕ (ሥሩ ለከብት መኖ የሚሆን ተክል)፣ ገብስና ክሎቨር (የመኖ ተክል) ይከታተላሉ፤ ዘሩም ከተበተነ በኋላ በጓል መከስከሻ አፈር ይለብሳል። «በራሱ ላይ ጓል ከመሩበት» የሚለው ይህንኑ ነው። መገርጣቱ አረንጓዴው አዝመራ ወደ ወርቃማነት መለወጡን፣ ጺሙ ደግሞ ከገብስ ዛላ የሚወጡትን ረጃጅም ሹል ፀጉሮች ይገልጻል፤ ይህ ምሳሌ ገብስ አጠገብ ቆሞ ያየ ሰው እንጂ ከሩቅ የሰማ የሚያገኘው አይደለም።

አጨዳው ላይ ሲደርስ ዘፈኑ የበለጠ ጥንቁቅ ይሆናል። በእንግሊዝ አብዛኛው አካባቢ ስንዴ ለረጅም ዘመን የሚታጨደው በአጭር የእጅ ማጭድ ሲሆን፣ ገብስ ግን ቆመው በሁለት እጅ በሚወዘውዙት፣ ረጅም እጀታ ባለው ትልቅ ማጭድ ነበር። ጆን ባርሊኮርንን ጉልበቱ ላይ የቆረጡት የተቀጠሩ ሰዎችም የያዙት ይህንኑ ትልቅ ማጭድ ነው። ልቡን የወጋው ሰው ነዶውን በመንሽ ወደ ጋሪ የሚወረውረው ሠራተኛ ነው። ቆዳውን ከአጥንቱ የለዩት ዱላዎች ደግሞ በቆዳ ማሰሪያ የተያያዙት ሁለት መውቂያ በትሮች ናቸው።

እዚህ በትሮቹ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። እህልን በበትር መውቃት ገበሬው ሌላ ሥራ በሚያጣበት በክረምቱ ብርድ በጎተራ ውስጥ የሚሠራ ሲሆን፣ መሬት ለሌለው የቀን ሠራተኛ የክረምት እንጀራው ነበር። በ1786 አንድሩ ሚክል የተባለው ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ የሚሠራ የመውቂያ ማሽን ገነባ፤ ማሽኑ እየተስፋፋ ሲሄድም የክረምቱ ደመወዝ እየጠፋ ሄደ። በነሐሴ 1830 በኬንት አውራጃ ሠራተኞች የመውቂያ ማሽኖችን መሰባበር ጀመሩ፤ ማስፈራሪያ ደብዳቤዎቹ «ካፒቴን ስዊንግ» በሚል ምናባዊ ስም ይፈረሙ ስለነበር አመፁ በዚህ ስም ይታወቃል። እንቅስቃሴው በደቡብና በምሥራቅ እንግሊዝ ከተዛመተ በኋላ 19 ሰዎች ተሰቀሉ፤ ወደ 500 የሚጠጉ ደግሞ ወደ አውስትራሊያ ተጋዙ። ስለዚህ ከ1830 በኋላ ስለ ዱላዎቹ የሚናገረውን ስንኝ የዘፈነ አዛውንት ሠራተኛ ጎረቤቶቹ የታገሉለትን የእጅ ሥራ በስሙ መጥራቱ ነበር። ዘፈኑ ስለ አመፁ አንዲት ቃል አይናገርም፤ እኔም እንደ ተቃውሞ ዘፈን ላቀርበው አልፈልግም። ነገር ግን ማሽኑ በየአውራጃው ሲያጓራ በዘፈኑ ውስጥ ግን በትሩ ሳይለወጥ ቆየ፤ ይህ መቆየቱ ትርጉም አለው።

መሬቱም በዚያው ዘመን እየተለወጠ ነበር። ከ1604 እስከ 1914 የእንግሊዝ ፓርላማ የጋራ ማሳና ግጦሽ ታጥሮ የግል ይዞታ እንዲሆን የሚፈቅዱ ከ5,200 በላይ ሕጎች ያወጣ ሲሆን፣ እነዚህ ሕጎች 6.8 ሚሊዮን ኤከር መሬትን ነክተዋል። አነስተኛ ይዞታ የነበራቸው ብዙ ቤተሰቦች ቅጥረኛ ሆኑ። በዘፈኑ ውስጥም አጫጆቹ «የተቀጠሩ» ሰዎች መሆናቸውን ያስተውሉ፤ በጋሪው ላይ የሚጫነው ገብስ የእነርሱ ገብስ አይደለም።

ስለ መጨረሻው የመጠጥ ስንኝም አንድ ነገር ልጨምር። ለአጨዳ ሠራተኛ ቢራ የደመወዙ አንድ ክፍል ነበር፤ ሰው ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ሲያጭድ የሚጠጣውን ባለ መሬቱ ያቀርብለታል። የመጠጡን ዋጋ ከደመወዝ ጋር ማካካስ ቀርቶ ለእርሻ ሠራተኛ በውል የሚሰጠው መጠጥ የማያሰክር እንዲሆን የተደነገገው በ1887 ሕግ ነው። በብቅል ላይ ከ1697 ጀምሮ የነበረው ግብርም የተነሣው በ1880 ነው። ስለዚህ ጆን ባርሊኮርን ከሁሉ የበረታ ነው የሚለው ፍጻሜ የሰካራም ፉከራ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ያረሱት፣ ያጨዱት፣ የወቁት ሰዎች ድካማቸውን መልሰው የሚያገኙት በዚያ ጽዋ ነበር፤ ዘፋኙ ራሱ ከገዳዮቹ አንዱ ነው፤ ተሸናፊውም እርሱ ነው። የዘፈኑ ጥልቀት እዚህ ላይ ይታየኛል።


ዜማ ፈላጊ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ማጭዱና ስለ በትሩ የተጻፈውን ካነበብኩ በኋላ ዘፈኑን እንደገና ሰማሁት፤ አሁን ዝም ብሎ የሚያስፈራ ታሪክ መሆኑ ቀርቶ የዓመቱን ሥራ በዓይኔ ያሳየኝ ጀመር። ነገር ግን የእህሉ አምላክ ጉዳይ አልተመለሰልኝም። አንድ ጓደኛዬ ጆን ባርሊኮርን በዎ ከሚባል የጥንት አንግሎ ሳክሶን አምላክ የመጣ ነው ብሎ ይከራከረኛል። ይህ ሐሳብ ምንም መሠረት ከሌለው እንዴት ይህን ያህል ሊስፋፋ ቻለ?


የባላድ አንባቢ፦

ይህን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ ምክንያቱም እኔም ለብዙ ዓመታት በሐሳቡ አምኜ ነበር። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ደረጃ በደረጃ መከተል ይቻላል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቪልሄልም ማንሃርት የተባለው ጀርመናዊ ምሁር በአውሮፓ ገበሬዎች የመከር ልማዶች ውስጥ የእህል መንፈስ እምነት እንዳለ ጻፈ። የሕዝቦችን እምነትና ልማድ ያጠና የነበረው ጄምስ ፍሬዘር ደግሞ ይህን መነሻ አድርጎ በ1890 «ወርቃማው ቅርንጫፍ» የተሰኘውን ሥራውን አሳተመ፤ በየዓመቱ የሚሞትና የሚነሣ አምላክ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ እንዳለ ተከራከረ። ታዲያ ፍሬዘር ተሙዝ ስለሚባለው የጥንት ምሥራቅ አምላክ ሲጽፍ፣ በ10ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ አንድ የዐረብኛ ጸሐፊ በሐራን ከተማ ሴቶች አጥንቱ በወፍጮ ለተፈጨው ለተሙዝ ያለቅሱ እንደነበር የመዘገበውን ይጠቅሳል። ነገሩን ለአንባቢው ለማስረዳትም ተሙዝ እንደ በርንስ ጆን ባርሊኮርን ነው ይልና የበርንስን ስንኞች ይጨምራል። የነገሩ አቅጣጫ ልብ ይባልልኝ፤ ፍሬዘር በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈን ግጥም የጥንቱን አምላክ ለማብራራት እንደ ምሳሌ ተጠቀመበት። ከእርሱ በኋላ የመጡ አንባቢዎች ግን ምሳሌውን ገልብጠው ዘፈኑ ከአምላኩ የወረደ ነው ማለት ጀመሩ።

የሙዚቃ ደራሲው ራልፍ ቮን ዊልያምስና የሕዝብ ዘፈን አጥኚው ኤ. ኤል. ሎይድ ባዘጋጁትና በ1959 በታተመው የእንግሊዝ ሕዝብ ዘፈኖች መጽሐፍ ዘፈኑን እንቆቅልሽ ይሉታል፤ የተሠዋና የተነሣ የእህል አምላክ ጥንታዊ ትዝታ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ ያለፈውን ዘመን ማደስ የሚወድ ሰው ጽፎት ወደ ሕዝብ የገባ ሊሆን ይችላል ብለው ሁለቱንም በሮች ክፍት ይተዋሉ። በ1965 ከሃል ከተማ የመጡት የዋተርሰን ቤተሰብ ዘፋኞች የዓመቱን ወቅቶች የሚከተሉ የሥርዓትና የአስማት ዘፈኖች ብለው ያቀረቡትን አልበም ሲያወጡ ጆን ባርሊኮርን ከመካከላቸው ነበር፤ በሽፋኑ ላይ ያለውን ማብራሪያ የጻፈውም ሎይድ ነው። የትራፊክ ቡድን አባል የነበረው ክሪስ ውድ ዘፈኑን የሰማው ከዚህ አልበም ነው። ስለዚህ ጠያቂያችን በ1970ው ቅጂ ሲሰሙት ከግጥሙ ጋር የፍሬዘር ጥላም አብሮ ደርሶዎታል ማለት ነው።

ስለ በዎ የተባለውም እንዲህ ነው። ስሙ በጥንታዊ እንግሊዝኛ ገብስ ማለት ሲሆን በአንግሎ ሳክሶን ነገሥታት የዘር ሐረግ ውስጥ ይገኛል። በእጃችን ያለው ግን ስም ነው፤ ስለ ስቃዩ፣ ስለ ሞቱና ስለ መነሣቱ የሚናገር ታሪክ አልተላለፈልንም። በዚያ ስምና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወረቀት መካከል ብዙ መቶ ዓመታት ባዶ ናቸው። ባዶውን በምኞት መሙላት ደግሞ ወረቀቱን በሳንቲም የገዙትንና ዘፈኑን በቃላቸው የያዙትን ሰዎች ከታሪኩ ማስወጣት ነው፤ እኔን የሚያሳዝነኝ ይኸው ነው።

ይህን ስል በእንግሊዝ ገጠር የመከር ሥርዓት አልነበረም ማለቴ አይደለም። በዴቨንና በኮርንዎል አጫጆች የመጨረሻውን ጭብጥ እህል ከፍ አድርገው በአንድ ድምፅ የሚጮኹበት ልማድ በሚገባ ተመዝግቧል። ጆን ባርሊኮርን ግን የተሰበሰበው በመጠጥ ቤትና በመኖሪያ ቤት ከሚዘፍኑ ሰዎች እንጂ ከእንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ አይደለም። ሞቶ መነሣት ለሚለው ምስልም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዘፋኞቹ በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ፣ የተቀበረች የስንዴ ቅንጣት ብዙ ፍሬ ታፈራለች የሚለውን ቃል ከልጅነታቸው የሰሙ ሰዎች ነበሩ።


ባለ ማኅደር፦

ስሙ ከዘፈኑ ወጥቶ የሄደበትንም መንገድ ለመጨመር ያህል፣ ጆን ባርሊኮርን በእንግሊዝኛ የአልኮል መጠጥ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። በአሜሪካ የመጠጥ ክልከላ ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት፣ በጥር 16 ቀን 1920፣ ቢሊ ሰንዴይ የተባለው ሰባኪ በቨርጂኒያ ግዛት በኖርፎክ ከተማ በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት ለጆን ባርሊኮርን የቀብር ሥነ ሥርዓት አድርጎለታል። ክልከላው በ1933 ሲሻር ግን ያ ቀብርም እንደ መጀመሪያው ሆነ።


የገጠር ታሪክ ተማሪ፦

ዘፈኑን ያሸጋገሩት እነማን ናቸው የሚለው የጠያቂያችን ጥያቄ ገና ስላልተመለሰ ስለ ሰብሳቢዎቹና ስለ ዘፋኞቹ ትንሽ ልበል።

የሕዝብ ዘፈን ማኅበር በለንደን የተቋቋመው በ1898 ነው። የሙዚቃ መምህሩ ሴሲል ሻርፕ ደግሞ በ1903 በሳመርሴት አውራጃ ሃምብሪጅ መንደር ወዳጁን ቄስ ቻርልስ ማርሰንን ሊጎበኝ ሄዶ ሳለ፣ ጆን ኢንግላንድ የተባለው አትክልተኛ ሥራው ላይ ሆኖ ሲያንጎራጉር ሰማውና ዜማውን በማስታወሻው ጻፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕረፍቱ በእንግሊዝና በአሜሪካ አፓላቺያ ተራሮች 5,000 የሚጠጉ ዜማዎችን ሰብስቧል። ጆን ባርሊኮርንን ከበርካታ ሰዎች የመዘገበ ሲሆን፣ በኦክስፎርድሺር በባምፕተን የሚኖር አንድ አረጋዊ እረኛ የሰጠው ቅጂ በኋላ በስፋት ታትሟል። አንድ ቋሚ ዜማ የለውም፤ በየአውራጃው ያሉ ዘፋኞች ግጥሙን በየራሳቸው ዜማ ይዘፍኑት ነበር፤ ምክንያቱ ባለ ማኅደር የነገረን ነው፤ የሚሸጠው ወረቀት ግጥሙን ብቻ እንጂ ዜማውን አይዝም። ቮን ዊልያምስ በ1923 ለወታደራዊ የሙዚቃ ጓድ በጻፈው የእንግሊዝ ሕዝብ ዘፈኖች ስብስብ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ካስገባቸው የሳመርሴት ዜማዎች አንዱ የዚህ ዘፈን ነው።

ለሻርፕ ትልቅ ክብር አለኝ፤ እርሱ ባይዘዋወር ኖሮ ብዙ ዜማ ከባለቤቶቹ ጋር ይቀበር ነበር። ነገር ግን በ1907 ባሳተመው መጽሐፉ የሕዝብ ዘፈን በቃል ሲወርድ በመቀጠል፣ በመለወጥና በመመረጥ ሕግ የሚያድግ ነው ብሎ ሲያስተምር፣ የታተሙትን የጎዳና ወረቀቶች ዘፈኑን እንደሚያበላሹ አድርጎ ይመለከታቸው ነበር። ለኅትመት ሲያዘጋጅም ግጥሞችን ያርም፣ የፒያኖ አጀብም ይጨምር ነበር። በዚህ የተነሣ ማንበብ የማያውቅ፣ ከከተማ የተለየ ንጹሕ ገበሬ ብቻውን ዘፈኑን ጠብቆ አኖረ የሚል ሥዕል በአንባቢዎች ዘንድ ተተከለ።

ሻርፕ ራሱ የመዘገበው አንድ ታሪክ ግን ከዚያ ሥዕል ጋር አይስማማም፤ ለጥያቄዎም ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። ጆን ባርሊኮርንን የዘፈነለት አንድ አረጋዊ፣ ዘፈኑን የሰማው በልጅነቱ በመንደራቸው ካለፉ የጎዳና ዘፋኞች መሆኑን ነገረው። ዘፋኞቹ በከባድና በተረጋጋ ድምፅ ሲያዜሙት ልጁ ተማርኮ ዜማውን ለመያዝ ከኋላ ከኋላቸው ተከተለ። እነርሱ ከሄዱ በኋላ ግን ዜማው ከአእምሮው ጠፋና ለረጅም ጊዜ ሊያስታውሰው አልቻለም። ከዚያ አንድ ቀን ሳያስበው ድንገት ተመለሰለት፤ ደስታው ታላቅ ነበር፤ ከዚያን ዕለት ጀምሮም መዝፈኑን አላቋረጠም።